ሲቀርቡት የሚርቅ፣ ሲርቁት የሚቀርብ፦ የካፍካና የፌሊስ ጉዳይ

ስለ ተምታታ የፍቅር ምልክት ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ መሃሉ ላይ ስልክ አለ። ኦንላይን ነው፣ ግን አይመልስም። ስቶሪዬን ያያል፣ ግን አይደውልም። ሦስት ቀን ድምፁን አጥፍቶ በአራተኛው ሌሊት "ናፈቅሽኝ" ይላል። ጓደኞች ይሰበሰባሉ፣ መልእክቱ ይነበባል፣ "ምን ማለቱ ነው?" ይባላል። መረጃው ግን ሁሌም ጎዶሎ ነው። ቻቱ ይጠፋል፣ ቀኑ ይረሳል፣ የምትናገረዋም የምታስታውሰው ያለፈውን ሳምንት ብቻ ነው።

ለዚህ ጽሑፍ የመረጥኩት ጉዳይ ስልክ አይበዛበትም። ግን ቀን በቀን ተመዝግቧል። ጸሐፊው ፍራንዝ ካፍካ ከ1912 እስከ 1917 ድረስ (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) ፌሊስ ባወር ለምትባል የበርሊን ሴት ከ500 በላይ ደብዳቤና ፖስታ ካርድ ጽፏል። በእነዚህ አምስት ዓመታት ሁለት ጊዜ ቀለበት አስረዋል፤ ሁለቱም ፈርሷል። ደብዳቤዎቹ ቀን አላቸው። የግል ማስታወሻ ደብተሩም ተርፏል። ለእሷ የጻፈውንና ለራሱ የጻፈውን ጎን ለጎን አስቀምጦ መቼ እንደቀረበ፣ መቼ እንደሸሸ ማየት ይቻላል። ከማውቃቸው ሰዎች የማንም ፍቅር እንዲህ ያለ ፋይል የለውም።

አንድ ምሽት ፕራግ ውስጥ

ኦገስት 13 ቀን 1912። ካፍካ 29 ዓመቱ ነው። ቀን ቀን በሠራተኞች የአደጋ መድን ተቋም ይሠራል፣ ሌሊት ይጽፋል፣ የሚኖረው ከወላጆቹ ጋር ነው። የዚያን ምሽት የመጀመሪያ መጽሐፉን ጽሑፎች ቅደም ተከተል ለማስያዝ ወደ ጓደኛው ማክስ ብሮድ ቤት ሄደ። ጠረጴዛው ዙሪያ አንዲት እንግዳ ተቀምጣለች። የ24 ዓመቷ ፌሊስ ቡዳፔስት ያለች እህቷን ልትጠይቅ እያለፈች ነበር።

ፌሊስ የዋህ ገራገር ልጅ አልነበረችም። የድምፅ መቅጃ መሣሪያ በሚሸጥ ኩባንያ ውስጥ በጸሐፊነት ጀምራ፣ በኩባንያው ስም የመፈረም ሥልጣን እስኪሰጣት ድረስ ያደገች ሠራተኛ ናት። በዚያ ዘመን ለሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቤተሰቧንም ትደግፍ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው "ምነው ቶሎ አልነቃችም?" የሚል ስለማይጠፋ ነው። ነቄ ነበረች።

ካፍካ ከሳምንት በኋላ በማስታወሻው ላይ ስለ እሷ የጻፈው ይገርማል። ፊቷ አጥንታምና ባዶ ነው ይላል፤ ባዶነቱንም አትደብቀውም። መጀመሪያ ሲያያት የቤት ሠራተኛ መስላው ነበር። እዚያው ላይ ደግሞ ገና ወንበሩ ላይ ሳይደላደል ስለ እሷ የማይናወጥ ፍርድ እንደሰጠ ይጽፋል። ምን ብሎ እንደፈረደ ሳይነግረን ጽሑፉ ይቋረጣል። ነገሩ እሷ ጋ ሳይደርስ በፊት በራሱ ደብተር ውስጥ ተምታቷል ማለት ነው።

የደብዳቤው ናዳ

ያን ምሽት በጨዋታ መሃል በሚቀጥለው ዓመት አብረው ወደ ፍልስጤም ሊሄዱ ተጨባብጠው ነበር። ከወር በላይ ዝም አለ። ሴፕቴምበር 20 ቀን ያቺን ቃል እያስታወሰ ከቢሮው በታይፕ ጻፈላት። ሁለት ቀን ቆይቶ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከወንበሩ ሳይነሳ አንድ ታሪክ ጽፎ ጨረሰ፤ መታሰቢያነቱንም ለእሷ ሰጠ። እስከዚያ ድረስ የተያዩት አንዴ ብቻ ነው።

ከዚያ በየቀኑ ሆነ፤ አንዳንድ ቀን ሁለቴ፣ ሦስቴ። ቁርስ ምን እንደበላች፣ ስንት ሰዓት ቢሮ እንደገባች፣ በቢሮዋ መስኮት ምን እንደሚታይ፣ የጓደኞቿን ስም ሁሉ ማወቅ ይፈልጋል። መልስ ሲዘገይ ይታመማል፣ ቴሌግራም ይልካል። ዛሬ ቢሆን ቲክቶክ ላይ ስም ይወጣለት ነበር።

እስቲ እሷን ሁኑና አስቡት። አንድ ቀን ያያችሁት ሰው የቀናችሁን እያንዳንዱን ሰዓት ይጠይቃል። በዚያ ላይ የሚጽፈው ካፍካ ነው! ይህን ትኩረት ተቀብሎ ልቡ የማይሞቅ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ፌሊስም በየቀኑ መመለስ ጀመረች። የጠየቀው ይህንኑ ነበር። ኖቬምበር 11 ቀን ግን አንድ ሌላ ደብዳቤ ደረሳት፦ በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ጻፊልኝ፣ እሁድ እንዲደርሰኝ አድርጊ፣ የየቀኑን አልችለውም የሚል። ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት ጭራሽ እንዳትጽፍለት የሚጠይቅ ደብዳቤ ረቂቅ ጽፎ ሳይልከው ቀርቷል። ብሮድም ገብቶ ለፌሊስ ጻፈላት፤ ከመጠን በላይ ስሜቱ የሚነካ ሰው ነውና ያዥው፣ ታገሺው ዓይነት ነገር። (ይህቺን "እሱ እኮ ባሕርዩ ነው" የምትል ጓደኛ ሁላችንም እናውቃታለን።) የእሁዱ ስምምነት አልቆየም። ብዙም ሳይቆይ ደብዳቤው ወደ የየቀኑ ተመለሰ።

እኔን ብትጠይቁኝ ጉዳዩ የተገለጠው እዚህ ጋ ነው። መጻጻፍ ከጀመሩ ገና ሁለት ወር አልሞላቸውም። አልተጣሉም፣ ሌላ ሴት አልመጣችም፣ ሥራ አልበዛበትም። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የለመነውን አገኘ።

ባቡሩ ሩቅ አልነበረም

ፕራግና በርሊን በባቡር የአንድ ቀን መንገድ እንኳ አይሆኑም። ደብዳቤው በየቀኑ ይሄዳል፤ ሰውየው ግን ለወራት አልሄደም። የገና እረፍት መጣና አለፈ። በመጨረሻ ለ1913 ፋሲካ እመጣለሁ አለ። ሊነሳ አንድ ቀን ሲቀረው በፖስታው ጀርባ ላይ አሁንም እንዳልወሰነ ጽፎ ላከላት። ሄደ፤ ለአጭር ጊዜ ተገናኙ፣ ግሩነቫልድ ጫካ ውስጥ ተንሸራሸሩ፣ ተመለሰ። ከመጀመሪያው ምሽት በኋላ ፊት ለፊት ሲተያዩ ሰባት ወር አልፏል።

ጁን ላይ የጋብቻ ጥያቄ አቀረበ። ጥያቄው ብቻውን ጉድ ነው። ደብዳቤውን ጁን 8 ጀምሮ የላከው ጁን 16 ሲሆን፣ አብዛኛው ስለ እሷ ሳይሆን ስለ እሱ ጉድለት ነው። ጤናው፣ ደሞዙ፣ ለመጻፍ የሚያስፈልገው ብቸኝነት። ባታገቢኝ ይሻልሻል እያለ አግቢኝ ይላል። እሷ ግን እሺ አለች።

እሺታዋ ሲደርሰው ምን አደረገ? ጁላይ ላይ በማስታወሻው የጋብቻን ጥቅምና ጉዳት በተራ ቁጥር ዘረዘረ። ኦገስት ላይ ለአባቷ ደብዳቤ ጻፈ፤ ዝምተኛ፣ ሰው የማይቀርብ፣ ጨፍጋጋ፣ ራስ ወዳድ፣ በሽታ የሚያስብ ሰው መሆኑን አስረድቶ ልጅዎ ከእኔ ጋር መኖር ትችላለች ወይ ብሎ ጠየቀ። በእኛ ወግ ሽማግሌ ተልኮ የልጁን ደግነት ይደረድራል። ካፍካ ራሱን ሽማግሌ አድርጎ ልኮ ነውሩን ደረደረ። ሴፕቴምበር ላይ ወደ ቪየናና ወደ ጣሊያን ተጓዘ፤ ደብዳቤውም ተቋረጠ። ጋርዳ ሐይቅ ዳር ባለችው ሪቫ ከአንዲት ወጣት ስዊዘርላንዳዊት ጋር አጭር ፍቅር ያዘ። ይህንንም በዓመቱ መጨረሻ ላይ ራሱ ለፌሊስ ነገራት።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ካፍካን ውሸታም ማለት አይቻልም። ሁሉንም ነግሯታል። ብዙ ሰው "ቢያንስ አልዋሸኝም፣ ገና ከመጀመሪያው አስጠንቅቆኛል" ሲል እንደ መልካም ምልክት ይቆጥረዋል። የካፍካ ማስጠንቀቂያ ግን ሁለት ሥራ ነበረው። አንደኛው ማስጠንቀቅ ነው። ሁለተኛው ውሳኔውን ከራሱ ትከሻ ላይ አውርዶ እሷ ላይ መጫን ነው። ልቅር ሲል "አልችልም" ማለት የእሱ ፋንታ ነበር። እሱ ግን "አትችይም" ይላታል፣ እሷ "እችላለሁ" ትላለች፣ እሱ ደግሞ እንደገና ያስረዳል። ሰው ስለ ራሱ ክፉውን እየነገረ ቦታው ላይ ሲቆይ፣ ሰሚው ክፉውን ትቶ መቆየቱን ይሰማል። እንዲያውም ኑዛዜው ራሱ መቀራረብ ይመስላል፤ ለማንም የማይነግረውን ለእኔ ነገረኝ ያሰኛል።

እሷም ጠፍታ ነበር

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ፌሊስም የተምታታ ምልክት ሰጥታለች። በኖቬምበር 1913 በርሊን ሲመጣ ያገኘችው ለጥቂት ጊዜ ነው። ባቡር ጣቢያ ልትሸኘው ቃል ገብታ ቀረች። ከዚያ ለሳምንታት ዝም። ደብዳቤ ቢልክ፣ ቴሌግራም ቢልክ መልስ የለም። ከውጭ ለሚያይ ሰው የእሷ መጥፋትና የእሱ መጥፋት አንድ ናቸው።

አንድ አልነበሩም። ቤቷ ውስጥ ችግር ነበር። ወንድሟ በገንዘብ ማጭበርበር ተነክሮ በመጨረሻ ወደ አሜሪካ እስከ መሄድ ደርሷል። ፌሊስ ገበናዋን ሸፍና ብቻዋን ነበር የተሸከመችው። የጠፋችው አንድ የሚያስጨንቅ ነገር በደረሰባት ጊዜ ነው። የእሱ መጥፋት ግን የሚመጣው ነገሩ በተሳካ ቁጥር ነው። ደብዳቤዋ በየቀኑ ሲመጣለት ሸሸ። እሺ ስትለው ሸሸ። ሰው ለምን ያህል ጊዜ እንደጠፋ መቁጠር ብዙም አያስረዳም፤ ከመጥፋቱ በፊት በነበረው ቀን ምን እንደሆነ ማየት ግን ያስረዳል።

ተቃራኒውም ያው ነው። እሷ ዝም ባለችባቸው በእነዚያ ወራት ካፍካ ቆራጥ ሆነ። በፌብሩዋሪ 1914 መጨረሻ ሳትጠራው በርሊን ድረስ ሄደ። እወድሃለሁ፣ ለጋብቻ የሚበቃ ግን አይደለም ዓይነት መልስ ሰጠችው። ያኔ ለመናት። ባቡሩ አልራቀውም፣ ጤናው አላስፈራውም፣ ደሞዙም አላነሰውም።

መሃል ላይ አንዲት ሦስተኛ ሰው አለች። ፌሊስ በ1913 መገባደጃ ጓደኛዋን ግሬቴ ብሎክን ለማስታረቅ ወደ እሱ ላከቻት። ካፍካ ለግሬቴም መጻፍ ጀመረ፤ ደብዳቤዎቹ በረዘሙ ቁጥር የማስታረቁ ጉዳይ እየቀነሰ ሌላው እየበዛ ሄደ። ለፌሊስ በ1912 ይሰጣት የነበረው ያ ሙቀት አሁን ለአስታራቂዋ ተሰጠ። አስታራቂ መላክ ክፉ አይደለም፤ ትኩረቱ በርቀት ብቻ ለሚሠራ ሰው ግን አዲስ አድራሻ መስጠት ሆነ።

ቀለበትና ችሎት

በ1914 ፋሲካ ተስማሙ። ጁን 1 ቀን በርሊን ውስጥ በቤተሰብ ፊት ቀለበት ታሰረ። ከጥቂት ቀን በኋላ በማስታወሻው ላይ እንደ ወንጀለኛ እጅና እግሩን እንደታሰረ ጻፈ። ለሚኖሩበት ቤት ዕቃ ሊገዙ ሲዞሩ ያዩት ከባድ ቡፌ የመቃብር ሐውልት መሰለው። ቡፌ ነው እንግዲህ! ፌሊስ ቤት እያየች ነበር፤ እሱ ቀብሩን።

ጁላይ 12 ቀን አስካኒሸር ሆፍ በሚባል የበርሊን ሆቴል ተጠራ። ፌሊስ፣ እህቷ ኤርናና ግሬቴ ጠበቁት። ግሬቴ እሱ ስለ ፌሊስና ስለ ጋብቻው የጻፈላትን ደብዳቤዎች አሳይታ ነበር፤ አንዳንዱ ቦታ በቀይ ተሰምሮበታል። ካፍካ ምንም የረባ መልስ አልሰጠም። ቀለበቱ ፈረሰ። እሱ ይህን ቀን ሆቴል ውስጥ የተቀመጠ ችሎት ይለዋል። ብዙ አንባቢ ቀኑን የሚያስታውሰው በእሱ ዓይን ነው፤ ምስኪኑ ተከሳሽ በሦስት ሴቶች ፊት። እኔ ግን በአምስቱ ዓመት ውስጥ በጣም ጤናማው ቀን ይሄ ይመስለኛል። ስለ እሷ ለሌላ ሰው የሚለውና ለእሷ የሚለው ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ።

በዚህ ቢያልቅ ኖሮ ጉዳዩ ሁለት ዓመት ብቻ ይሆን ነበር። አላለቀም። በወሩ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሳ። በጃንዋሪ 1915 ድንበር ላይ ባለችው ቦደንባክ ተገናኙ። ሦስት ወር ሙሉ ሰዓት ተኩል እየቀደመ የሄደውን የእጅ ሰዓቱን እሷ አስተካከለችለት፤ ይህንን ቅር ብሎት መዝግቦታል።

ከዚያ ጁላይ 1916 መጣ። ማሪየንባድ በምትባል የፍልውሃ ከተማ አሥር ቀን አብረው ቆዩ። መኝታ ክፍሎቻቸው በአንድ በር የሚገናኙ ነበሩ። መጀመሪያ ከበዳቸው፤ ቀጥሎ ግን ተስማሙ፣ ደስ አላቸው። ጦርነቱ ሲያልቅ ሊጋቡ፣ በርሊን ዳር ቤት ሊከራዩ፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ኑሮ በገንዘብ ሊችሉ ወሰኑ። ይህ ጊዜ እውነት ነበር። ማስመሰል ነው የሚል ሰው ካለ ለብሮድ የጻፈውን ደብዳቤ አላየም ማለት ነው።

ጁላይ 1917 ለሁለተኛ ጊዜ ቀለበት አሰሩ። በኦገስት ሌሊት ላይ ደም ተፋ። በሴፕቴምበር መጀመሪያ የሳንባ ነቀርሳ መሆኑ ታወቀ። እህቱ ወዳለችበት ዙራው የተባለ መንደር ሄደ። ፌሊስ በጦርነት ጊዜ ባቡር ተንገላታ ልትጠይቀው መጣች፤ ቀዝቅዞ ተቀበላት። በደብተሩ ላይ የሳንባው ቁስል ምልክት ብቻ እንደሆነ፣ ቁስሉን የሚያመረቅዘው ፌሊስ እንደምትባል ጻፈ። በገና ሰሞን ፕራግ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ተለያዩ። ባቡር ላይ ሸኝቷት ወደ ብሮድ ቢሮ ሄደና ተቀምጦ አለቀሰ። ብሮድ ካፍካን ሲያለቅስ ያየው ያኔ ብቻ እንደሆነ መስክሯል።

ታዲያ ይወዳት ነበር ወይ?

ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። በእንዲህ ያለ ጉዳይ ላይ ይህቺ አባባል ቶሎ ትመዘዛለች፦ ቢፈልግሽ ኖሮ ጊዜ አያጣም ነበር። ብዙ ጊዜ ልክ ነች። የካፍካን ጉዳይ ግን አትፈታውም። እሱ ከልቡ አልቅሷል፤ እንባውም አልገደደም። ከ500 በላይ ደብዳቤ የጻፈን ሰው ግድ የለውም ማለት አይቻልም። ፍቅሩ ውሸት ስላልነበረ ነው ፌሊስ የተቸገረችው። ውሸት ቢሆን የሆነ ቦታ ላይ ይያዝ ነበር።

"ይወደኛል ወይስ አይወደኝም?" የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ መልስ ቢያገኝ እንኳ ምንም አይጠቅማትም። መልሱ "አዎ" ነው፤ ሕይወቷ ላይ ግን የሚለውጠው ነገር የለም። የሚጠቅማት ጥያቄ ከፍቅሩ ጋር ምን ያደርጋል የሚለው ነበር። በደብዳቤ ይሰጠዋል። በእግሩ፣ በቤት፣ በቀን ቀጠሮ ሲጠየቅ መልሶ ይወስደዋል። ይህ ደግሞ ሚስጥር አልነበረም፤ ከኖቬምበር 1912 ጀምሮ በየጊዜው ያው ነው።

ታዲያ ለምን ቆየች? አንድ ምክንያት በሰው ሁሉ ላይ የሚሠራ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ስኪነር ከባልደረባው ፈርስተር ጋር በ1957 ባሳተሙት ሥራ ላይ፣ መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅ ሽልማት ልማድን እንዴት እንደሚያጠነክር በእርግቦች ሙከራ አሳይተዋል። ቁልፉን በአፏ በነቆረች ቁጥር እህል የሚመጣላት እርግብ፣ እህሉ ሲቀር ቶሎ ትተወዋለች። አንዴ መጥቶ አንዴ የሚቀርባት ግን እህሉ ቀርቶም መንቆሯን ቶሎ አትተውም። ትኩረቱ ወጥ የሆነ ሰው ሲለወጥ ወዲያው ይታወቃል። ወጥ ያልሆነው ሲጠፋ ግን "ይህም ያልፋል፣ እንደ ባለፈው ይመለሳል" ያሰኛል። ካፍካ ደግሞ ሁሌም ይመለስ ነበር።

ሌላው ምክንያት የፌሊስ የራሷ ነው፤ እሱን ከእሷ አንደበት አንሰማውም። በ1919 ሌላ ሰው አግብታ ሁለት ልጆች ወለደች፤ በ1936 ወደ አሜሪካ ተሰደደች፤ በ1960 አረፈች። የእሱን ደብዳቤዎች ጠብቃ ቆይታ በ1950ዎቹ ለአሳታሚ ሸጠቻቸው፤ በመጽሐፍ የወጡት በ1967 ነው። የእሷ ደብዳቤዎች ግን አልተረፉም። ስለዚህ ይህ ትልቅ ፋይል ግማሹ ባዶ ነው። ትዕግሥቷን ሞኝነት የሚሉ፣ ደረቅ ሴት ነበረች የሚሉም እሱ ከጻፈው ተነስተው ነው።

የእኔ ግምት ይህ ነው። ሆቴሉ ውስጥ በእርግጥ በቅቷት ነበር። ከዚያ በኋላ ያስያዛት ማሪየንባድ ይመስለኛል። አራት ዓመት ሙሉ ይበልጡን በወረቀት ላይ ያየችውን ሰው እዚያ አሥር ቀን በአካል አገኘችው፤ እነዚያ አሥር ቀናት ሌላ ዓመት ተኩል ገደማ አስጠበቋት።